ታርሶ የጠፋ ድንበር

«ድንበራችሁ የታለ?» አለ ለኪው፣ ሜትርና የድንበር ችካሎች እንደያዘ ማሳው መሃል ተገትሮ።

አራሹ አቀረቀረ። ድንበሩን ያጠፋው እሱ ነው። የባለወፍጮውንም የመበለቲቱንም ማሳ የእኩል የሚያርሰው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ በየትልሙ ጫፍ በሬ ማዞር ሰልችቶት፣ በሁለቱ መሃል የነበረውን የሣር ድንበር ከጥቂት ክረምት በፊት ገልብጦ አረሰው። መስመሩን እግሩ ስለሚያውቀው፣ በአጨዳ ጊዜ የየራሳቸውን እህል ለይቶ ያደርስ ነበር። እህሉ አምሮ የለ? ማን ይናገረዋል! አሁን ግን የይዞታ እድሳት መጣና ዛሬ የተለካው በየባለቤቱ ስም ይጸናል ተባለ።

ባለወፍጮው እድሳቱን እንደ ሠርግ ነው የጠበቀው። አዲስ ጫማውን አድርጎ መጥቶ፣ የሰው ማሳ ውስጥ ገባ ብሎ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነበር» አለ። «ጎረቤት ነን፤ ለአንድ ትልም አንጣላም።»

«አንድ ትልም?» አሉ መበለቲቱ ወደ ለኪው ዞረው። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ የቆመው እኮ ማሳዬ እምብርት ላይ ነው!»

እሳቸው እድሳት የሚባለውን ነገር ከሰሙ ጀምሮ እህል አልበላ ብሏቸዋል። በሬ የለሽ፣ ጉልበት የለሽ ብለው ይነጥቁኛል ብለው ፈርተዋል። አራሹ ደግሞ የሚታደስለትም የሚነጠቀውም መሬት የለውም። ጠዋት ሚስቱ፣ «አፍህን ያዝ። የምንበላው ከባለወፍጮው ሰፊ ማሳ ነው። የእሳቸው ቁራጭ መሬት ልጆቻችንን ያሳድጋል?» ብላዋለች። እውነቷን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነበት እንጂ።

«የሚያርሰው ማነው? እሱ ይመስክር» አለ ለኪው።

ባለወፍጮው የአራሹን ትከሻ መታ መታ አደረገና፣ «የከርሞ እርሻህን እያሰብክ፣ ወንድሜ» አለው ቀስ ብሎ።

መበለቲቱ አልለመኑትም።

«ድንበሩን ስትገለብጠው ደጄ ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ፣ ልጄ» አሉት። «በደህና ሰው እጅ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

አራሹ ፊቱ ጋለ። ቢሰድቡት በተሻለው ነበር። እሳቸው መሬታቸውን አምነው ሰጡት፣ እሱ ደግሞ በስንፍናው ለነጣቂ አመቻቸው። ከለኪው እጅ ችካሎቹን ተቀበለና፣ ባለወፍጮውን አልፎ ወደ ኋላ፣ ወደ ባለወፍጮው ማሳ ተራመደ። እግሩ ያወቀው ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ድንበሩ ይሄ ነው። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለከርሞ ሌላ አራሽ እፈልጋለሁ!» አለ ባለወፍጮው ከሩቅ።

አራሹ ሚስቱን አሰበ። ማታ ምን እንደሚላት ገና አላወቀም። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ።

«ይፈልጉ፣ ጋሼ» አለና የመጀመሪያውን ችካል መታው።