ስሱ ግድግዳ

የልብስ ሰፊው ኩላሊት ሥራ ካቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሆስፒታል፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ይሄድና መስኮት ዳር ያለው ወንበር ላይ ይጋደማል። ነርሷ ክንዱ ላይ ሁለት መርፌ ትሰካለታለች፤ ደሙ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ታጥቦ፣ በሌላው ይመለሳል። አራት ሰዓት ይፈጃል። መጀመሪያ ሰሞን ይፈራ ነበር። ኋላ ግን እዚያው እንቅልፍ ይወስደው ጀመር፤ ከእንቅልፍ ሁሉ የሚወደውም ይሄንኑ ሆነ። ብርድ ብርድ ሲለው ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ይስባል። ማሽኑ ያጉተመትማል፤ የመስኮቱ ብርሃን ውሃ ይመስለዋል፤ ወንበሩም ወለሉን ለቆ ቀስ እያለ የሚንሳፈፍ።

አንድ ማክሰኞ ዓይኑን ሲገልጥ ታላቅ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሕልም መስሎት መልሶ ጨፈነ። ከተነጋገሩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል።

ያኳረፋቸው የአባታቸው ካፖርት ነው። አባትየው ሲሞት ካፖርቱ እሱ ዘንድ ቀረ፤ እሷ እንዳለ እንዲቀመጥ አደራ ብላው ነበር። አንድ ቀን በራሱ ልክ ቀዶ ሰፍቶት፣ መንገድ ላይ ለብሶት ሲሄድ አየችው። ሰላም ሳትለው አለፈች። እሱም አልተከተላትም።

“አልተኛህም፤ ሽፋሽፍትህ ይንቀጠቀጣል” አለችው።

“እትዬ።”

“ሰው ነገረኝ። አንተማ መች ትነግረኛለህ።”

እህትየው ጡረታ እስክትወጣ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች፤ የምትለው ሲጠፋት ወደ ትምህርቷ ትሸሻለች። ማሽኑ ጎን ላይ የቆመ፣ ስንዝር ተኩል የሚሆን ግልጽ ሲሊንደር አየች። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ሺህ ክሮች ታጭቀውበታል።

“እነዚያ ክሮች መሃላቸው ክፍት ነው” አለች። “ደምህ በውስጥ ያልፋል፤ በውጭ ንጹሕ ፈሳሽ ይፈሳል። የሚለያቸው ስስ ግድግዳ ነው። ቆሻሻው ከበዛበት ወዳነሰበት ይሻገራል።”

“ማን ገፍቶት?”

“ማንም። ፓምፑ ደሙን ያዞራል እንጂ ቆሻሻውን የሚገፋው የለም። ሁሉም ወዲያ ወዲህ ሲራወጥ፣ ከብዙው ወገን የሚያልፈው ይበልጣል፣ በቃ። ኦክስጅንም ሕዋስህ ውስጥ የሚገባው እንዲሁ ነው፤ ማንንም አያስፈቅድም።”

“ደሙስ አብሮ አይሄድም?”

“የግድግዳው ቀዳዳ ለእሱ ይጠበዋል፤ አያሳልፈውም።”

“እንዳንቺ ግትር ነው በይኛ።”

ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች።

ነርሷ መጥታ ማሽኑን አየት አደረገች። “ጋሼ ጨው አልተውም ብለዋል፤ እባክዎ ይምከሩልኝ።”

“‘ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ’ እየተባልኩ ነው ያደግኩት” አለ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ያደገበት ቤት ሄደ። ግድግዳዎቹ ሻሽ ናቸው፤ ነፋስ ሲመጣ ይተነፍሳሉ። የሳሙና ሽታ ያልፋል፣ ብርሃን ያልፋል፣ የአባቱ ሳል ያልፋል። እሱ ግን እጁን ሲዘረጋ ጨርቁ ቀስ አድርጎ ይመልሰዋል። ከማዶ አንዲት ልጅ በስሙ ትጠራዋለች።

ጥሪው ጩኸት ሆነ። መብራት ጠፍቶ የክፍሉ ማሽኖች ይጮኻሉ። ከስድስቱ አምስቱን ባትሪያቸው ያዞራቸዋል፤ የልብስ ሰፊው ማሽን ግን አሮጌ ነው፣ ባትሪው ሞቷል። ነርሷ የፓምፑን ክዳን ከፍታ የእጅ መዘውር ገጠመችና ማዞር ጀመረች። በዚህ መሃል ከወዲያ ማዶ አንዲት ታካሚ ራሷን ስታ ተዘነበለች።

“እማማ፣ ይህን ይያዙልኝ” አለች ነርሷ። “ቀስ ብለው፣ ሳያቆሙ፣ ወደዚህ። ከቆመ ደሙ ይረጋል። ቱቦው ውስጥ አረፋ ካዩ ግን አቁመው ይጥሩኝ።”

እህትየው አዞረች። ቱቦው የእጇን አንጓ ሲነካ ሙቀቱ ተሰማት። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስትስለው የነበረው ነገር እንዲህ ይሞቃል ብላ አስባ አታውቅም። ቀኝ እጇ ሲዝል በግራዋ ተቀበለች።

“ካፖርቱን ብል በልቶት ነበር” አለ ወንድሟ።

እሷ ማዞሯን አላቆመችም።

“ጀርባው ወንፊት ሆኖ ነበር። እርጥብ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። እንዳታዪው ብዬ ደህና ደህናውን አውጥቼ ሰፋሁት።”

“ስድስት ዓመት ሙሉ የደበቅከኝ ይሄንን ነው?”

“አፍሬ ነዋ።”

“አይ፣ ሞኝ” አለችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደረሰ፤ የምትጠርግበት እጅ ግን አልነበራትም።

መብራት ሲመጣ ያችኛዋ ሴት ነፍስ ዘርታ ውሃ ትጠይቅ ነበር። ነርሷ ተመልሳ “ይበቃል እማማ፣ ይልቀቁት” አለች። የእህትየው ጣቶች ደርቀው ቶሎ አልታዘዟትም። ልብስ ሰፊው እንደገና ተኝቷል፤ አሁን አፉን ከፍቶ፣ ያለ ሐሳብ።

ሰዓቱ ሲያልቅ መርፌዎቹ ወጡ፤ እሱ ክንዱን በጥጥ ተጭኖ ተቀመጠ። ነርሷ ፋይሉን ይዛ መጣች።

“ጋሼ፣ ‘የቅርብ ሰው’ የሚለው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ዛሬ አንድ ነገር ቢሆን ለማን እንደውል ነበር?”

እህትየው እስክሪብቶውን ከነርሷ እጅ ወስዳ የራሷን ስልክ ቁጥር ጻፈች። ቁጥሩ ተንጋደደ።

“ሐሙስ ይመጣሉ?” አለቻት ነርሷ።

“እሱ ሲነሳ ይጎተታል፤ ከቤቱ ነው የምወስደው” አለች፣ ጃኬቱን እያቀበለችው።