የፋሲል አብሾ

«አትጣደፍ ፋሲል፤ ዜማው ይሰበርብሃል» አሉ መሪጌታ ይሻው፣ ማንም ወዳልተቀመጠበት የድንኳኑ ጥግ ዞረው።

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ፋሲል የተቀበረው ከትናንት በስቲያ ነው።

«አባትሽን ተያቸው፣ ሰላማዊት» አለች ጎረቤታቸው ዝናሽ በሹክሹክታ። «ከልጃቸው ጋር እያወጉ ነው። መታደል ነው።»

ወንድሟ ሲያጣጥርም መታደል ነው ተብሎ ነበር። ድጓው አልያዝልህ ሲለው፣ አባቱ በተማሪነታቸው እንደ ጠጡት ሁሉ አብሾ በጠበጡለት፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን የአስተናግር ፍሬ። አእምሮ ይከፍታል ይባላል። ፋሲል ግን ከጋቢው ላይ የሌለ ክር ይለቅም ጀመር። ከሞተች የቆየች እናቱን «እግርሽ ለምን ረጠበ?» ብሎ ጠየቃት። ጓደኞቹ ቅዱሳን ተገለጡለት ብለው ከበው ጸለዩ። ሰላማዊት ከዩኒቨርሲቲ እስክትደርስ ልቡ ቆሟል።

ተነስታ የአባቷን ፊት ወደ ብርሃን መለሰችው። የዐይናቸው ጥቁር ሰፍቶ ቡናማውን ውጦታል። ግንባራቸው ይፋጃል፤ ላብ ግን ጠብታ የለም።

«አባባ፣ አብሾ ቀመሱ?»

«እሱ እናቱን አይቷት የለ?» አሉ፣ ምላሳቸው ከላንቃቸው እየተጣበቀ። «እኔስ ልጄን ባይ?»

«ባጃጅ ጥሩ» አለች ሰላማዊት። «ሆስፒታል እንሄዳለን።»

አጎቷ አቶ ሞገስ መውጫው ላይ ቆሙ። «ባለለቅሶ ድንኳን ጥሎ አይወጣም። ሰው ከእብናት ድረስ መጥቶ? ጠበል ይበቃቸዋል።»

«ለፋሲልም ጠበል ይበቃዋል ነበር ያላችሁት፣ ጋሼ። የገደለው ፍሬው ነው። ድንኳኑ ሳይነቀል ሌላ ሬሳ ካማረዎ እዚያው ይቁሙ።»

ዝናሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ ሞገስ ሊቆጡ ጣታቸውን አነሱ፤ ወዲያው ዐይናቸው ወንድማቸው ላይ አረፈ። መሪጌታ ከጋቢያቸው ላይ የሌለ ክር እየለቀሙ ነበር፤ በሁለት ጣት፣ በጥንቃቄ፣ ልክ እንደ ልጃቸው። አቶ ሞገስ ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው።

ባጃጁ ውስጥ አቶ ሞገስ ከሹፌሩ ጎን ተለጠፉ። አባትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። ሞተሩ ሲነሳ መሪጌታ ሰላማዊትን በክርናቸው ነካ አደረጓት።

«ጠጋ በይለት እንጂ። ወንድምሽ ቆሞ ሊቀር ነው።»

የለም ልትላቸው አፏን ከፈተች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንድ ቀጭን ልጅ የሚበቃውን ቦታ ለቃ ወደ ጫፉ ተጠጋች።