የሁለት ቀን ፈቃድ

«የደሴዎቹ መጡ! ቦታ ልቀቁላቸው!» አሉ የመንደሩ ለቅሶ ማኅበር፣ የቅሬው ሰብሳቢ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረጉ። ሉሊት ከእናቷ አጠገብ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ አየች። መንገድ ዳር የቆመው ሚኒባስ መስታወቱ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጎህ ሲቀድ ከደሴ ተነስተው፣ የአቀስታን ብርድ አልፈው፣ ለአባቷ ሰልስት መካነ ሰላም መድረሳቸው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወረዱ። መጨረሻ ላይ የወረዱት አለቃዋ አቶ የኋላሸት ነበሩ።

ሉሊት ክው አለች። እሳቸው ይመጣሉ ብላ አላሰበችም ነበር።

ለቅሶው አንድ ጊዜ ግሎ በረደ። እንግዶቹ ተቀመጡ፤ ንፍሮ ዞረ፤ ከትልቁ ማንቆርቆሪያ ቡና ተቀዳላቸው። ከሉሊት ጀርባ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ትሰማለች።

«እነዚህ ናቸው የከለከሏት?»

«እነዚሁ ናቸው። ሁለት ቀን እኮ ነው የለመነቻቸው። አባቷን በቁሙ ሳታየው ቀረች።»

«አይ የሰው ቤት ሥራ!»

ሦስት ቀን ሙሉ ይህ ወሬ ከጆሮዋ አልወጣም። ለቅሶ የደረሰ ሁሉ እሷን የሚያጽናናው በዚሁ ነው። «ምን ታድርጊ ልጄ፣ ከልክለውሽ ነው፤ አብሽሪ» ይላታል፤ ግንባሯን ስሟት ያልፋል። ሉሊትም አንገቷን ትደፋለች። ያን ወሬ ለአባቷ የነገረቻቸው ራሷ ናት። አባቷ ደግሞ ለአገሩ ሁሉ ነገሩት።

ከፋሲካ ወዲህ አባቷ አቶ አምባቸው በየሳምንቱ ይደውሉላት ነበር።

«ሉሌ፣ አንድ ቀን ደንቆሮ ጫካ እንውጣ።»

«ፓርኩን ሊጎበኙ ነው አባባ?» ብላ ሳቀች መጀመሪያ ቀን። «ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ነው? የእርሻችን ዳር ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ጭላዳውን ተይው። የማሳይሽ ነገር አለኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ስትመጪ።»

ቀኑን የቆረጡት ከጓደኛቸው ከኑርሁሴን ጋር መክረው ነው። «አረፋን እንውላለን፤ የሰኔ ጾም ሳይገባ፣ ዝናቡም መንገዱን ሳይቆርጠው ግንቦት ሠላሳ ቅዳሜ እንወጣለን» አሏት። ኑርሁሴን በቅሎ ያመጣሉ። እናቷ ዳቦ ይጋግራሉ፤ ቆሎም ይቆላሉ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደው በየትኛው በኩል እንደሚገባ ጠይቀዋል። ከእሷ የሚጠበቀው ሐሙስ ከሥራ ወጥታ ዓርብ በጠዋቱ አውቶቡስ መሳፈር ብቻ ነበር። ዓርብና ሰኞ፣ ሁለት ቀን ፈቃድ።

ረቡዕ ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ ቅዳሜን ሐይቅ ሄደው ለመዋል ተነጋገሩ። ጾሙ ሳይገባ ዓሣ ሊበሉ፣ ጀልባ ላይ ፎቶ ሊነሱ። ማንም አላስገደዳትም። ሉሊት ግን የመካነ ሰላምን መንገድ አሰበችው፤ ወገብ የሚፈታ የቀን ሙሉ ጉዞ፣ ከዚያ ደግሞ ከሽማግሌ ጋር ዳገት፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ መልሶ። ሰለቻት። ስልኳን አንስታ ደወለች።

«አባባ፣ ፈቃድ ከለከሉኝ።»

ፈቃዱን ጨርሶ አልጠየቀችም ነበር።

አባቷ እሷን ማጽናናት ጀመሩ። «አይ እንጀራ! ምን ታድርጊ። እንዳይከፋሽ ደግሞ። ጥቅምት አለ አይደል? ጥቅምት እንወጣለን።»

ቅዳሜ ሐይቅ ዋለች። በሳምንቱ፣ ሰኔ ስምንት እሑድ፣ አባቷ ከቅዳሴ ተመልሰው «ትንሽ ጋደም ልበል» እንዳሉ ሳይነሱ ቀሩ።

አሁን እናቷ፣ እትዬ አሰጋሽ፣ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ መለሱ። ሦስት ቀን በለቅሶ ድምፃቸው ተዘግቷል።

«ጌታዬ፣ የልጄ አለቃ እርስዎ ነዎት?»

«አዎን እናቴ። እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ አቶ የኋላሸት፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ይህን ሁሉ መንገድ ስለመጣችሁ ብድራችሁን በደስታ እንድንመልስ ያድርገን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሆዴ ውስጥ ከሚቀር ብዬ ነው። ሁለት ቀን ነው የጠየቀችዎ። ሽማግሌው ስንቁን አስቋጥሮ፣ በቅሎ ለምኖ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር የሚጠብቃት። ሁለት ቀን ብትሰጧት ምን ይጎድልባችሁ ነበር?»

ሉሊት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አቶ የኋላሸት አዩዋት። አስተያየታቸው የቁጣ አልነበረም፤ ያልገባው ሰው አስተያየት ነበር።

«መቼ ነበር እናቴ?»

«ግንቦት ሠላሳ፣ ቅዳሜ።»

ከባልደረቦቿ አንዷ ንፍሮውን አፏ ሳታደርስ እጇን መለሰች። ሌላው ጫማውን ማየት ያዘ። ያን ዕለት ሁሉም ሐይቅ ነበሩ። ሉሊትን በጀልባው ላይ ፎቶ ያነሷት ራሳቸው አቶ የኋላሸት ነበሩ።

ሰውዬው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ተነስተው እትዬ አሰጋሽ ፊት ጎንበስ አሉና ጉልበታቸውን ነኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው እናቴ። አላሰብኩበትም። ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልዎ» አሉ እትዬ አሰጋሽ፣ ፊታቸውን አዙረው።

«አይ ሹመት!» አለ አንድ ሽማግሌ ከዳር፣ እንዲሰማ አድርጎ።

ሉሊት እስከ ሚኒባሱ ሸኘቻቸው። ሌሎቹ ሲሳፈሩ አቶ የኋላሸት ወደ ኋላ ቀሩ።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ተይው። እኔ ማታ ደሴ ነኝ፤ እዚህ ስሜን ቢያነሱት ባያነሱት አይጎዳኝም። አንቺ ግን ከእናትሽ ጋር ነሽ። እሱን አስቢበት» አሏትና ገቡ።

ሚኒባሱ ሲሄድ ኑርሁሴንን ከድንኳኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ነበር የሸሹት፤ ከልካዩን ሰው ዓይኑን ማየት ጠልተው። ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አያ ኑርሁሴን፣ አባባ ሊያሳዩኝ የነበረው ነገር ምንድን ነው?»

«አልነገረሽም?»

«ስትመጪ ነው ያሉኝ።»

ኑርሁሴን ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «በሰባ ሰባት ነው። አንቺ አልተወለድሽም። ያ ክፉ ቀን እኔም ቤት እሱም ቤት ገብቶ ነበር። ሁለታችን መጥረቢያ ይዘን ደንቆሮ ወጣን። ሦስት ወር ገደል ሥር እያደርን የአስታውን ዛፍ እየጣልን ከሰል አከሰልን። እየተሸከምን እዚህ ገበያ አወጣነው። በዚያ ነው ሁለቱ ቤት የተረፈው፤ እናትሽም፣ የኔም ልጆች። አልሐምዱሊላህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የመጨረሻውን ቀን ስንወርድ ዞሮ አየው። ሸንተረሩ ባዶ ነው። አንድ ዛፍ የለበትም። 'ኑርሁሴን፣ ተራራውን ራቁቱን አስቀረነው' አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ እግሩን ወደዚያ አላነሳም፤ አርባ ዓመት። ፓርክ ሆነ ሲባል ግን ጠባቂዎቹን ባገኘ ቁጥር 'ያ ሸንተረር ለብሷል ወይ?' ይላቸዋል። እነሱ የትኛውን እንደሚል ምን ያውቃሉ። አስታ እኮ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል ይባላል። እሱን ሊያይ ነበር። አንቺን አጠገቡ አቁሞ 'የኖርነው በዚህ ነው፤ የበደልኩትም ይህን ነው' ሊልሽ ነበር።»

«እኔ ስቀር ለምን ሁለታችሁ አልወጣችሁም?»

«አልኩታ! ቅዳሜ ጠዋት በቅሎዋን ጭኜ መጥቼ የለም እንዴ። 'ለልጄ ሳልነግር ለዛፉ ብነግረው ምን ይረባል' አለኝ። አራገፍናት።»

«ለብሶ ይሆን?»

«ምን አውቄ ልጄ። እኔም ብቻዬን አልወጣሁም።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ሉሊት እናቷን ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። የአባቷን ልብስ እያጣጠፉ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ተናገረች። ቁጭ ብትል የምትተወው መስሏታል።

«እማዬ፣ ሰውዬው አልከለከለኝም። ፈቃድ አልጠየቅሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ እጃቸው ቆመ። «የት ነበርሽ?»

«ሐይቅ።»

«ሐይቅ ምን ልትሠሪ?»

«ዓሣ ልንበላ።»

«ዓሣ» አሉ እናቷ። ሸሚዙን እንደገና ዘርግተው እንደገና አጠፉት። «እሱ አምኖሽ ነው የሞተ። ስንቁን ስፈታው 'ልጄን እንጀራ ይዟት ነው፣ አትዘኚባት' እያለ የሚያባብለኝ እኔን ነበር። ቢያውቅ ይቆጣሽ ነበር፤ ደግሞ ይተወው ነበር። ሳያውቅ ሄደ።»

«እማዬ...»

«ዝም በይ። ያን የሰው ልጅ በሰው ፊት አስጎንብሼው! እኔን አሰጋሽን ምን አደረግሽኝ! ደውይለት።»

ሉሊት ደወለች። ሚኒባሱ ገና ከአቀስታ አልደረሰም ነበር፤ ድምፁ ይቆራረጣል። እናቷ ስልኩን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ጌታዬ፣ የአምባቸው ባለቤት ነኝ። ልጄ ነግራኛለች። በማያውቁት ወቅሼዎታለሁና እግዜር ያሳይዎ፣ ይቅር ይበሉኝ። የለም፣ የለም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሰላም ያግባችሁ።»

ስልኩን መለሱላትና ወደ ድንኳኑ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ድምፃቸው ተሰማ፤ ለተቀመጠው ሁሉ፣ ለዚያ ሽማግሌም ጭምር፣ ሰውዬው ጥፋት እንደሌለበት እየተናገሩ ነበር። የማን ጥፋት እንደሆነ ግን አልተናገሩም። መናገርም አላስፈለጋቸውም። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ «ከልክለውሽ ነው፤ አብሽሪ» የሚላት ሰው ጠፋ። ይስሟታል፤ ግን ዝም ብለው ያልፋሉ። ኑርሁሴን እንኳ አንድ ቀን ሙሉ ሳያናግሯት ዋሉ።

እናቷም አላናገሯትም። አራተኛው ቀን፣ አምስተኛው ቀን አለፈ። ሉሊት ለእንግዳ ውኃ ትቀዳለች፤ ዕቃ ታጥባለች፤ ፍራሹ ላይ ከጎናቸው ትቀመጣለች። እሳቸው ከመጣው ሰው ጋር ያወራሉ። እሷን የሚያልፏት አጠገባቸው ሰው እንደሌለ አድርገው ነው።

በስድስተኛው ቀን፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሰማዩ በሳይንት በኩል ጠቆረ። ለቀስተኛው ጃንጥላና ዱላውን እያነሳ ወጣ። ኑርሁሴን ፍራሹን ወደ ቤት አስገብተው፣ የድንኳኑን ገመድ አጠባብቀው የቤቱ በር ላይ ቆሙ። ወደ ሉሊት ሳይሆን ወደ ሰማዩ እያዩ፣ «ክረምቱ ገባ እንግዲህ። ከዛሬ ወዲያ እስከ መስከረም ደንቆሮን በቅሎም አይወጣው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በጥቅምት ግን እኔ አለሁ» ብለው፣ መልስ ሳይጠብቁ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሄዱ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ቤት ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ሉሊት ከግድግዳው ሥር፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። መቼም ይቅር እንደማትባል እያሰበች ወደ እናቷ አላየችም።

እትዬ አሰጋሽ ስድስት ቀን ከተቆራመዱበት ፍራሽ ላይ ተንቀሳቀሱ። ግድግዳውን ተደግፈው ሲመቻቹ ጉልበታቸው ቋ አለ፤ አቃሰቱ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እግራቸውን ቀስ ብለው ዘረጉት። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። ዓይናቸውን ከዝናቡ ሳይነቅሉ፣ እግራቸውን አንስተው ልጃቸው ጭን ላይ አስቀመጡት።

ሉሊት መዳፎቿን አፋትጋ አሞቀቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያበጠውን እግር ማሸት ጀመረች።