የአሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ኮርኒስ

ሆቴሉ በር ላይ የተቀበሏቸው ሰዎች ብዛት ለአንድ ሚኒስትር ይበቃ ነበር። አንዱ የታክሲውን በር ከፈተ፣ ሁለተኛው ሻንጣቸውን ተቀበለ፣ ሦስተኛው የሚይዘው ነገር ስላጣ ፈገግታውን ይዞ ቆመ። ልጅቷ ቀድማ ወረደች፤ አባቷ ክንዷን ጨብጦ ተከተላት። «ደረጃ አለ» ስትለው «አያለሁ» አላት። ሰሞኑን «አያለሁ» ማለት አብዝቷል።

ሥራዋ የኩላሊት እጥበት ማሽን መጠገን ነው። ማሽን ደግሞ ቦታ መርጦ አይበላሽም። ዛሬ እዚህ ከተማ፣ ነገ እዚያ ከተማ ሲበላሽ እሷም መሣሪያዋን አንጠልጥላ ስትከተለው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የግማሹን ዓመት ሌሊት ያሳለፈችው በአንድ የሆቴል ድርጅት አልጋዎች ላይ ነው። ሌላው ሰው ስድስት ዓመት ለፍቶ ቤት ይሠራል፤ እሷ ያጠራቀመችው ነጥብ ነው። ባደረች ቁጥር ነጥብ፣ ነጥቡ ሲበዛ ካርድ፣ ካርዱም መጀመሪያ ብር፣ ቀጥሎ ወርቅ፣ አሁን ፕላቲኒየም። ከዚህ ሁሉ ማዕረግ እስካሁን የተጠቀመችው ቢኖር ጠዋት ትንሽ አርፍዶ ክፍል መልቀቅን ብቻ ነው። ድርጅቱ ካሉት ቤቶች ሁሉ ትልቁ በሆነው በዚህኛው ግን አድራ አታውቅም፤ መሥሪያ ቤቷ እዚህ ድረስ አይቸርም። ዛሬ የመጣችው በነጥቧ ነው፤ የመጣችውም ለአባቷ ብላ ነው።

አባቷ የሰባ አራት ዓመት ሰው፣ ለሳኝ ነው። የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልኩ» ይሉታል፤ እሱ የለሰነው ግድግዳ ላይ ውሃ ልክ የሚያስቀምጥ ሰው ጊዜውን ያባክናል ለማለት። ይህ ሆቴል ሲሠራ የመጨረሻውን፣ የአሥራ ዘጠነኛውን ፎቅ ኮርኒስ በጀሶ ሐረግና በጀሶ ቅጠል ያለበሰው እሱ ነው። ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም። እንዲያውም ወሬው ሲጀመር ባርኔጣውን አንስቶ የሚሄድ ብዙ ነው።

ሌላውን ግማሽ የነገራት ግን ባለፈው ሳምንት ነው። አንደኛው ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውንም ሞራ ጋርዶታል፤ ሕክምናውን በጣም አዘግይቶታል። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረው፤ ቀዶ ጥገናው ከተሳካ ያያል፣ ካልተሳካ ያቺ የቀረችው ብርሃንም ትሄዳለች። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው። አባቷ ግን የስምምነቱን ወረቀት አልፈርምም ብሎ ድርቅ አለ። ስትነዘንዘው፣ ስትቆጣው፣ በመጨረሻም ስታለቅስበት ጊዜ ነው አፉን የከፈተው።

«አራተኛው ማዕዘን፣ በመስኮቱ በኩል ያለው» አላት። «ለምረቃው ሁለት ቀን ሲቀር ፎርማኑ አናቴ ላይ ቆመ። ከሥር ያለው ልስን አልደረቀም ነበር። እያወቅኩ ቅጠሉን እርጥቡ ላይ ለጠፍኩት። እንደዚያ ያለ ሥራ ሲወድቅ አይነግርሽም። ከሥሩ ደግሞ ሰው ተቀምጦ ይበላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ገድዬ እንደሆነ ሳላውቅ ነው የኖርኩት። በዚች በቀረችኝ ብርሃን አይቼው ልፈርም። ሳላየው ቢጠፋብኝስ?»

አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር አሉ። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እስከ ሊፍቱ ደርሶ በትሕትና መለሱት። ያኔም ቢሆን ላይኛው አዳራሽ የአባላት ሳሎን ሆኖ ነበር፤ ካርድ የሌለው ሰው አይወጣም። ልጁ ይህን ስትሰማ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበዳት።

እንግዲህ ገቡ። ለሌላው ሰው ረጅም ሰልፍ፣ ለአባል ለብቻው ጠረጴዛ ከነወንበሩ። እንግዳ ተቀባይዋ ብድግ ብላ «እንኳን ወደ ቤትዎ በደኅና መጡ» አለቻት። አባቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «የማን ቤት ነው?» አለ። ክፍላቸውን ወደ ሰፊው አሻሽለውላቸዋል፣ ያለ ተጨማሪ። ነገ እስከ አሥር ሰዓት መቆየት ይችላሉ። የትራስ ዝርዝር አለ፣ ስምንት ዓይነት። አባቷ ዝርዝሩ ተነቦለት ሲያበቃ፣ «ቤት ያለውን ዓይነት የላቸውም?» ብሎ ጠየቀ።

ክፍሉ ውስጥ መጋረጃው ማንም ሳይነካው ተከፈተና ከተማው በሙሉ ከእግራቸው ሥር ተዘረጋ። እሷ አፏን ይዛ ቀረች። ስድስት ዓመት ሆቴል ስታድር መስኮቷ የሚያሳያት የመኪና ማቆሚያ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ ብቻ የእሷን ሳሎን ያክላል፤ ሳህን ላይ የተደረደረው ፍራፍሬ ከመብዛቱ የተነሳ የት ጋ ተጀምሮ እንደሚበላ ግራ ይገባል፤ ከጎኑ በእጅ የተጻፈ ካርድ ላይ ስሟ አለ፣ አንድም ፊደል ሳይሳሳት። አባቷ ለዚህ ሁሉ ደንታ አልሰጠውም። በመዳፉ ግድግዳውን እየዳበሰ ዞረ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ «ቦርድ ነው፣ ልስን አይደለም» አለ፣ ሰው እንደ ማማት አድርጎ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጠበቃት።

ሊፍቱ ውስጥ የመጨረሻው ቁልፍ ለሁሉ ሰው አይበራም። ካርዷን አስጠጋች፤ በራ። አባቷ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

በሩ ሲከፈት እግሯ እንደ ተተከለ ቀረ። አባቷ ግማሹን እየጨመረ የሚያወራ ሲመስላት ነበር የኖረችው፤ ለካ ግማሹን እየቀነሰ ነው። ከማዕዘኖቹ የተነሳው ሐረግ ሲጀምር ክንድ ያክላል፤ እየወጣ፣ እየቀጠነ፣ እየተጠላለፈ መሐል ላይ ሲገናኝ ጣት አያክልም። ቅጠሎቹ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። የተጠቀለለ አለ፣ ገና የሚፈታ አለ፣ ትል የበላው እንኳ አለ፤ ጀሶ ላይ ትል የበላው ቅጠል! የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ከሥራቸው ሲያልፍ ጥላቸው ኮርኒሱ ላይ ይንቀሳቀሳል። ከሥሩ የተቀመጡት ሰዎች ስልካቸውን እያዩ ሻይ ይጠጣሉ። ቀና ብለው እንዲያዩ ልትጮህባቸው ምንም አልቀራት። እነዚህን እጆች ስንት ጊዜ «ቶሎ በልልን እንጂ» ብላ እንደነዘነዘች ትዝ አላትና አፈረች።

«የተበላው ቅጠል ታየሽ?» አለ አባቷ።

«ታየኝ።»

«ከእሱ ቀጥሎ ጫፉ የታጠፈው፤ ከዚያ ሁለት ትናንሽ፣ ከዚያ ጀርባውን የሰጠ አንድ ትልቅ።»

አንድም አልሳተም። እሱ ሲል እሷ ታያለች፣ ልክ እንዳለው ነው። ፊቱን ለማየት ዘወር ስትል ግን ዓይኖቹ ኮርኒሱ ላይ አልነበሩም። የኮት መስቀያውን ነበር የሚያየው።

«አባዬ፣ ይታይሃል?»

ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «ብርሃኑ ይታየኛል» አለ በመጨረሻ። «ቅጠሉን አንቺ እይልኝ።»

እስከ አራተኛው ማዕዘን ሄደች። ከሥር ሆና አየች፣ ከጎን አየች፣ እንደ ማሽን መረመረችው። ስንጥቅ የለ፣ የጎደለ የለ።

«ሙሉ ነው። አንድ ቅጠል አልጎደለም።»

«አንቺ እንድፈርም ትፈልጊያለሽ።»

«እውነቴን እኮ ነው።»

«ይሆናል። እኔም አንቺን ብሆን ይሄንኑ ነበር የምለው።»

በዚህ መሐል የሳሎኑ አስተናጋጅ ሻይ ይዛ መጣች። ልማዷ ነውና፣ «ሌላ የሚፈልጉት ነገር ካለ ይዘዙኝ፤ ለፕላቲኒየም አባሎቻችን የማይቻል ነገር የለም» አለች።

«መሰላል ይቻላል?» አለ አባቷ።

አስተናጋጇ በስድስት ዓመት ሥራዋ ብዙ ተጠይቃለች። ለውሻ የልደት ኬክ አምጥታለች፣ የተበጠሰ የቀሚስ ዚፕ ቆማ ሰፍታለች። መሰላል ግን የጠየቃት የለም። ልጁ ነገሩን ባጭሩ ስታስረዳት ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ከዚያ አዛውንቱን አየች፤ ከዚያ ስልኩን አነሳች።

የመጣው የጥገናው ሰው ነው፤ ሃምሳ ገደማ የሚሆነው፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ። ምንጣፉን እንዳይጎዳ የመሰላሉን እግሮች በጨርቅ አስሯል። «ማነው የሚወጣው?» አለ። አባቷ ጫማውን እያወለቀ ነበር። የጥገናው ሰው ልጁን አያት፤ እሷም «እባክህ የመሰላሉን እግር ያዝልኝ» አለችው።

ታክሲ ውስጥ ለመግባት ሦስት ጊዜ የሚያርፍ ሰው መሰላሉን እንደ ጎረምሳ ወጣው። እግሮቹ እያንዳንዱን እርከን ሳይፈልጉ ያገኙታል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን መሰላሉ ላይ አስደግፎ ሁለቱንም እጆቹን ነጻ አወጣ፤ ይህን ያደረገው ሳያስበው ነው። ከዚያ ጣቶቹን ወደ ላይ ሰደደ። ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ የነበረው ሰውዬ ፊደል መምታቱን ተወ።

ብዙ ቆየ። ቅጠሉን ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ጅማቶቹን አንድ ባንድ፣ ዞሮ ጀርባውን ዳበሰ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለ።

ልጁ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ የቅጠሉን ጅማት የምስበው ከግንዱ ወደ ጫፍ ነው። ይሄ ከጫፍ ነው የተሳበው። ወድቋል ማለት ነው። ወድቆ ሌላ ሰው ሠርቶታል።»

ከሥር የመሰላሉን እግር የያዘው የጥገናው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወድቆ ነበር አባባ» አለ። «ሆቴሉ ከተመረቀ በስምንተኛው ዓመት፣ አዳራሹ ገና ሳይከፈት ጠዋት ላይ።»

«ሰውስ?»

«ማንም አልነበረም። አንድ ወንበር ነው የተሰበረው።»

አባቷ ግንባሩን መሰላሉ ላይ አሳረፈ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ከሥር ይታይ ነበር። እሷም መሰላሉን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው እንባዋን ጠረገች። አንድ ወንበር። ሃያ ስድስት ዓመት እንቅልፍ የነሳው አንድ ወንበር ነው።

ቆይቶ ቀና አለ። «ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ» አለ የጥገናው ሰው፣ ጥፋት እንዳመነ ሰው። «ያኔ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ደፍነህ ነጭ ቀባው አሉኝ። ሦስቱ ማዕዘኖች እያሉ እንዴት ተብሎ? ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ከሥራ በኋላ እየወጣሁ የእርስዎን እያየሁ፣ በሲባጎ እየለካሁ፣ ስንቱን ሠርቼ ሰበርኩት። አምስት ወር ፈጀብኝ።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምረኛል? እዚህ ላይ ያለው ነው ያስተማረኝ። የሠራውን ሰው አላውቀውም ነበር።»

አባቷ መሰላሉን ወደ ሦስተኛው ማዕዘን አስወሰደ፤ የራሱን ቅጠል ዳበሰ፤ ወደ አራተኛው መልሱኝ አለ፤ ያንን ዳበሰ። ሁለት ጊዜ አመላለሳቸው። በመጨረሻ ሲወርድ ፊቱ ላይ ያየችውን ነገር ልጁ በሕይወቷ አይታበት አታውቅም። ይህ ሰው የማንንም ልስን አድንቆ አያውቅም፤ ሰው ቤት እራት ተጠርቶ እንኳ ግድግዳ የሚነቅፍ ሰው ነው።

«ዓይን እያለኝ፣ አስተማሪ እያለኝ፣ ሰባት ዓመት ተምሬ ነው እኔ የሠራሁት» አለ። «ይሄ ሰው ብቻውን፣ ያለ ማንም። በእጄ ይዤው እንኳ ማመን አቃተኝ።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «የታጠፈችው ቅጠል ጋ ትንሽ ወፈር ብላለች።»

«አውቃለሁ» አለ የጥገናው ሰው። «በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አፍራለሁ።»

«ና፣ ተቀመጥ። እንዴት እንደምትሳሳ ልንገርህ።»

«ለእኛ አይፈቀድም አባባ። ሳሎኑ የአባላት ነው።»

ልጁ ወደ አስተናጋጇ ዞረች። አስተናጋጇ እጆቿን አጣምራ ቆማለች፣ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ደንቡ ለአንድ አባል አንድ እንግዳ ይፈቅዳል» አለች ቀስ ብላ። «አባትዎ ደግሞ እዚህ ቤት እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ የአንድ እንግዳ ቦታ አለዎት።» ይህን ብላ ሦስተኛ ሲኒ ልታመጣ ሄደች።

የጥገናው ሰው ቱታው ወንበሩን እንዳያቆሽሽ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። አባቷ እጁን ፈልጎ ያዘው፤ ጣቶቹን እንደ ቅጠሉ አንድ ባንድ ዳበሳቸው፤ ጀሶ የበላውን የአውራ ጣት ጥፍር ሲያገኝ ሳቅ አለ። ስለ ውሃው መጠን፣ ስለ ቢላዋው አያያዝ፣ የላይኛውን ከመለጠፍ በፊት የሥረኛው እስኪደርቅ ስለ መጠበቅ ነገረው። በተለይ ስለ መጠበቅ ደጋግሞ ነገረው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ወረቀቱ አለ?»

«የቱ?» አለች፣ ልቧ እያወቀ።

«የሐኪሙ። ይሄን በጣት ብቻ ነው ያየሁት፤ አይበቃኝም። በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ወረቀቱን ከቦርሳዋ ስታወጣ እስክሪብቶውን ያቀበለው የጥገናው ሰው ነው። እሷ የአባቷን ጣት ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችለት፤ እሱም ቀስ ብሎ፣ ሳይዛነፍ ፈረመ።