ያጠፋሁት ማስጠንቀቂያ

ሰፈሩ «አንድ ቃል» ይለኛል። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ሰው ዕቃውን ታቅፎ ሲመጣ ነግሮኝ እስኪጨርስ አልጠብቅም፤ «ባትሪ ነው»፣ «አቧራ ነው»፣ «ኔትወርክ ነው» ብዬ በአንድ ቃል አሰናብተዋለሁ። ብዙውን ጊዜ አልስትም ነበርና ቅጽል ስሙን እንደ ሹመት ተቀብዬው ኖሬያለሁ።

ከሱቄ ሦስት በር አልፎ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ሃምሳን አልፋለች፤ ትበልጠኛለችና እትዬ እላታለሁ። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ደንበኞቿ የሚፈልጉትን በእጃቸው ያሳዩዋታል፤ ካልገባት ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ ታቀብላቸውና ጥቁር ቁራጭ ላይ ይጽፉላታል። እኔና እሷም የምንግባባው በዚሁ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ልጅቷ ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ ይህ ሁሉ ሲሆን አዋላጅ ለመሆን ሌላ ከተማ ትማር ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት አለቻት። እሳቸውም አይሰሙም። የሚኖሩት አውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ የሚጓዝበት ቦታ ነው። በእሳቸው ልጅነት መስማት ለማይችል ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት አልነበረምና ፊደል አልቆጠሩም፤ ጽፎ መላላክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ልጅቷ ወደ ትምህርቷ ከመሄዷ በፊት ለእናቷ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች፣ የአክስቷንም ጎረቤት ስልኳን እንድታውሳቸው ለመነች፣ እህትማማቾቹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ እንዲያወሩ አደረገች። በበሯ ሳልፍ አያት ነበር። እጅ እንደዚያ መፍጠን እንደሚችል ያወቅኩት ያኔ ነው። አንዳንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ይዛ ትስቅና ጥያቄ ሊያቀርብ የገባው ደንበኛ ግራ ገብቶት ቆሞ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን የላፕቶፑ ቻርጀር ሽቦ ተልጦባት መጣች። መሳቢያዬን ፈተሽኩ፣ ጫፉ የሚገጥም ሌላ ቻርጀር አገኘሁና ሰካሁት። ማሽኑ ሲነሳ ጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ አወጣ፤ ቻርጀሩን እንደማያውቀው፣ ጉልበቱ እንደማይበቃው፣ በዚህ ከቀጠለ ዝግ ብሎ እንደሚሠራ ይናገራል። አነበብኩት። ምን ማለት እንደሆነም አላጣሁትም። ግን አራት ሰው ወረፋ ይዞ ነበር፤ ትክክለኛውን ለማምጣት ደግሞ መሀል ከተማ መውረድ ሊኖርብኝ ነው። ወደ ማስተካከያው ገባሁና ማስጠንቀቂያው ዳግመኛ እንዳይወጣ አጠፋሁት። ከዚያ በጠመኔዋ «ባትሪው ደካማ ነው። ከሶኬት አትንቀዪው» ብዬ ጻፍኩላት። ልቧን ነካ አድርጋ አመሰገነችኝ፣ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ቁራጭ ጨርቋን ዘረጋችልኝ። «ምስሉ ይንተባተባል» ይላል። «ኔትወርክ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የሚሰማ ሰው ቢሆን ድምፁን ተከትሎ ይረዳል፤ ለእሷ ግን ምስሉ ራሱ ድምፁ መሆኑን አላሰብኩም። እጅ ከደረት ተነስቶ ግንባር እስኪደርስ መሀሉ ከተቆረጠ ቃሉ ጠፋ ማለት ነው።

ሌላ ጊዜ መጣች። አሁን ረዘም አድርጋ ጽፋለች፤ «ስነቅለው ደህና ነው። ስሰካው ይንተባተባል። ተነቅሎ ግን አምስት ደቂቃ አይቆይም።» በሽታውን እስከ ሥሩ በገዛ እጇ ጽፋ ነበር ያመጣችልኝ። በፊቴ የተከፈተ ሌላ ማሽን ነበር፣ በጥርሴ ብሎን ይዣለሁ፣ ቀና ብዬም አላየኋትም። «ባትሪውን ትጨርሺዋለሽ። ኔትወርክ ነው» ብዬ መለስኩላት። ቆማ አነበበችው። ጠመኔውን በመዳፏ ጠራርጋ ጨርቁን አጠፈችና ወጣች። ሦስተኛ አልመጣችም።

ከወራት በኋላ ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ተመለሰች። በማግስቱ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዛ ሱቄ ገባች።

«ጋሼ፣ እማዬ ከአክስቴ ጋር ማውራት ትታለች። ምንድነው ስላት ምስሉ አይታይም ትለኛለች።»

«ኔትወርክ ነው።»

«አይደለም። በስልኬ ሞክሬዋለሁ፣ ኔትወርኩ ደህና ነው። ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠ ቪዲዮ ራሱ ይዘላል። እባክህ አንዴ ቁጭ ብለህ እየው።»

«ነገ አደርስላችኋለሁ» አልኳት። የተናገርኩት እንድትሄድልኝ ነበር። ግን «እንግዲያው ነገ ጠዋት እጠብቅሃለሁ» ስትል አስተያየቷ አላማረኝም፤ ሌላውን ሥራ ወዲያ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ኔትወርኩን አጠፋሁና ቪዲዮ ከፈትኩ። ይዘላል። ማራገቢያውን ፈትቼ አቧራውን አወጣሁ፤ ያው ነው። የምስሉን ፕሮግራም አውጥቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፣ የኃይል አጠቃቀሙን ማስተካከያ እስከ ላይ ገፋሁት፤ ወይ ፍንክች። ከዚያ ሶኬቱን ነቀልኩ። ቪዲዮው እንደ ውሃ ፈሰሰ። መልሼ ሰካሁ፣ ተንተባተበ። ነቀልኩ፣ ፈሰሰ። የዚያን ጊዜ የጠመኔ ጽሑፏ ትዝ አለኝ፣ ጆሮዬ ጋለ።

መደርደሪያው ላይ የሌላ ደንበኛ ተመሳሳይ ማሽን ነበር፤ ቻርጀሩን ወስጄ ሞከርኩ። ሶኬት ላይ እንደተሰካ አንዴም ሳይደናቀፍ ሠራ። የልብስ ሰፊዋን ቻርጀር ገልብጬ አየሁት። እኔ የምሰጠው ዕቃ ላይ ሁሉ ቀን የጻፍኩበት ቀይ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ተለጥፏል፣ ጽሑፉም የእኔው ነው። ጉልበቱ ማሽኑ ከሚፈልገው ግማሽ ብቻ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ስገባ ማስጠንቀቂያው በእጄ እንደጠፋ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ቻርጀሩ እንደማይችለው ሲያውቅ ራሱን ቆጥቦ ያዘግማል፤ ሲነቀል ከባትሪው እንደልቡ ስለሚወስድ ይሮጣል። ለዚህ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ መስማት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ሱቆች ከመዘጋታቸው በፊት መሀል ከተማ ወርጄ ትክክለኛውን ቻርጀር አመጣሁ። ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ልጅቷ ቁልፍ ትተክላለች፣ እናቷ እጅጌ ትሰፋለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ፕሮግራሙ ነው፤ አስተካክዬዋለሁ። ቻርጀሩንም ለጥንቃቄ ቀይሬዋለሁ» አልኳት።

ተረጎመችላት። ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በራ፣ የስፌት መኪናዋን ገፋ አድርጋ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አኖረች። እህቷ ቀጥታ ማውራቱ እንቢ ሲላቸው በጎረቤታቸው እጅ እየተቀረጹ የላኳቸው ስምንት ቪዲዮዎች ነበሩ። ሁሉንም ከፍታቸው ነበር፤ አንዱንም በቅጡ አላየችውም። ደህና ዋሉ ብዬ መውጣት ነበረብኝ። ሥራዬ እንዲታይልኝ ፈልጌ ነው መሰለኝ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ተከፈተ። ሸበቶ እህቷ በር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ልጅቷ ከልጅነቷ የለመደችው ነውና ሳይታወቃት ድምፅ አውጥታ ትተረጉም ጀመር።

«የዓይን ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አለኝ። እንደ መጋረጃ ከዳር እየተዘጋ ነው የሚመጣው አለኝ...»

ልብስ ሰፊዋ ቀጣዩን ከፈተች። ልጅቷ አሁን በሹክሹክታ ነው።

«እጅሽን ሳላይ ምን እሆናለሁ? ፊትሽን ጠግቤ ልየው፣ ነይልኝ። ያኔ ስጠይቅሽ እሺ ብለሽኛል አይደል? በቀጠርነው ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ሄጄ ስጠብቅሽ ዋልኩ።»

ልብስ ሰፊዋ እህቷ ነይልኝ ባሏት ቀን ምስሉ ሲዘልባት ሦስት ጊዜ «ድገሚልኝ» ብላ፣ አራተኛውን አፍራ፣ እሺ እንደማለት ጭንቅላቷን ነቅንቃ ነበር። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ስምንተኛው ቪዲዮ አጭር ነበር። እህቷ የሚያዩት ወደ ስልኩ ሳይሆን ወደ ጎኑ ነው።

«ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። አልተቀየምኩሽም» ብላ ተረጎመችና ልጅቷ ፊቷን በእጅዋ ሸፈነች።

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ቪዲዮውን መልሳ ከመጀመሪያው ከፈተችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ሱቄን ከፍቼ ሥራ አልሠራሁም ብል ይቀላል። ባለቤቴ ምን ሆነሃል ብላ ብትወተውተኝ ነገርኳት።

«አውቀህ አላደረግኸውም» አለችኝ።

«ማስጠንቀቂያውን አንብቤ ነው ያጠፋሁት።»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ለእኔ መንገርህ ምን ይረባል? የሚነገራት ሌላ ናት» አለችኝ።

ሄድኩ። ልጅቷ ነበረች። አሮጌውን ቻርጀር ከፕላስተሩ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ የወጣውን ጽሑፍ፣ ማጥፋቴን፣ ሦስት ጊዜ በኔትወርክ ማሳበቤን፣ ላፕቶፑን ስመልስም መዋሸቴን። ልጅቷ ስትተረጉም እጇ እየፈጠነ፣ እየጠነከረ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ሳበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስነቅለው ደህና ነው ብዬ ስጽፍልህ አንብበኸዋል ወይ? ትልሃለች።»

«አንብቤዋለሁ።»

ብታዋርደኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ በእጇ ተናገረች፤ ልጅቷም ጨርሳ እስክትቆም ጠበቀቻት።

«ነገ ወደ አክስቴ እንሄዳለን። አንተም ትመጣለህ። ለምን እንዳልመጣች እማዬ ብትነግራቸው ሰበብ ይመስላቸዋል። አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ። በእጅህ።»

በአውቶቡሱ ሙሉውን መንገድ ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ አስቀምጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስጠናችኝ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ መልእክትዎን አላየችም።» ስሳሳት እጄን መታ ታደርገኛለች። አልራራችልኝም። ከፊት የተቀመጡ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩን ነበር፤ የሚያፍር ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚያፍርበት ቦታ የለውምና አልከበደኝም።

ስንደርስ እህትየው በራቸው ላይ ነበሩ። ከአንደኛው ዓይናቸው መሀል ላይ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ብቻ ቀርታለች፤ እጅ ሲንቀሳቀስ በእሷ አይያዝም። ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ሄዳ ሁለቱን እጃቸውን ያዘች። መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ በመርፌ የሻከረችውን አመልካች ጣት ሲያገኙ ከጉሮሯቸው ድምፅ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ብዙ ቆይቶ ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ ዞራ ጠራችኝ። ፊታቸው ተንበረከክሁ፣ እጃቸውን እጄ ላይ አኖሩ፣ የተማርኩትን ተናገርኩ። ፊታቸውን ቋጠሩ። ደገምኩት። ልጅቷ ከኋላዬ ሳቋ አመለጣት።

«ድመቷን ያበላሸኋት እኔ ነኝ እያልካቸው ነው፤ የቷ ድመት? ይሉሃል።»

ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፣ ሳትፈልግ። ሦስተኛውን ጣቶቼን ይዛ እያቀናች አስባለችኝ። ይህኛው ገባቸው። እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሱ። የሚቆጡ ወይም ይቅር የሚሉ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ እሳቸው ግን እኔን ትተው ወደ እህታቸው ዞሩ፣ መዳፋቸውን እጇ ላይ አሳረፉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ማውራት ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው፤ አንዱ ቃል እስኪገባ ይደጋገማል። እንዲህ ተይዞ የሚነገር ንግግር እንዳለ ልጅቷ ተምራ ነበር፤ እኔ ከመጠራቴ በፊት ለሁለቱም ያሳየቻቸው እሷ ናት። ለእኔ ቦታ አልነበረም። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሲነጋ አውቶቡሱ እስኪመለስ ጠበቅኩ።

ልብስ ሰፊዋ እዚያ ሁለት ወር ቆየች፤ ስትመለስ እህቷን ይዛ መጣች። አሁን እህትየው ሱቁ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው ቁልፍ በቀለም ሳይሆን በመጠን ይለያሉ። የቀረችው ብርሃንም ባለፈው ዓመት ጠፋች። እጇን በዓይናቸው ሊያዩ ይችሉ የነበሩባቸው አራት ወራት አልተመለሱም፤ የሚመልሳቸው መሣሪያም በሱቄ የለም።

ጠዋት ጠዋት በበሯ ሳልፍ ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች። ልጇ ስትወልድ እኔና ባለቤቴን ጠርታናለች። ላፕቶፑን ግን ከዚያ ወዲህ የምታሠራው መንገዱ ማዶ ካለው ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ነው። ይዛው ስትሻገር አያታለሁ። አይከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ተሳሳተች ብልም ውሸት ነው።