ቀበቶ አላስርም ያለው ቀቢ

ቀለም ቀቢው ከመወጣጫው ወድቆ አሸዋ ክምር ላይ ሲያርፍ ጣቱ እንኳ አልተጫረም። ልብሱን አራግፎ ተነሣ። እስቲ ከዚያ ወዲያ ሰው ዝም ይላል? ሳምንት ሳይሞላ በግንባታው ቦታ መልአክ ያላየ ሰው ጠፋ። ፎርማኑ፣ ነጭ ነገር ክንፉን ዘርግቶ ሲቀበለው በዓይኔ በብረቱ አየሁ አለ። ዘበኛው ክንፉን ሁለት ጥንድ አደረገው። በዚያ ሰዓት ከግንቡ ጀርባ ድስት ስታጥብ የነበረችው ወጥ ቤት ሳትቀር፣ ብርሃኑ ዓይኔን ሊያጠፋው ነበር ብላ ማለች። ውሸታሞች እንዳይመስሏችሁ። ለሰው ነፍስ የደነገጠ ሰው ያየውንና የተመኘውን ለይቶ አያስታውስም።

ባለክሬኑ ብቻ ምንም አላለም። ቀቢው የታናሽ እህቱ ባል ነው። ከላይ ከክሬኑ ክፍል ሆኖ ቦታውን ሁሉ ስለሚያይ፣ “አንተማ ከሁላችንም በላይ አይተሃል” ይሉታል። እሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ መሰላሉ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ያውቃል። በዚያን ቀን ሮጦ ሲደርስ አማቹ በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ግድግዳ ለሳኙ አቧራ እንዳይበተን ከመወጣጫው በታች ወጥሮት፣ ጠዋት መፍታት ሲገባው የረሳው ላስቲክ ነው። ለሳኙም የፎርማኑን ስድብ ፈርቶ፣ ሰው በእልልታ ሲቀልጥ ላስቲኩን ጠቅልሎ ደበቀው። ባለክሬኑ አይቶ ዝም አለ። ሰው ደስ ብሎታል፤ ደስታ ምን ይጎዳል?

ጉዳቱ ቆይቶ መጣ። ቀቢው የደህንነት ቀበቶ ማሰር ተወ። “የያዘኝ እጅ ከገመድ ያንሳል እንዴ?” ይላል። ፎርማኑ፣ ያው መልአክ ያየ ሰው ነውና፣ ሊያዘው አፈረ።

አንድ ምሽት የባለክሬኑ እህት እቤቱ መጣች። ለመቀመጥ እንኳ ትዕግሥት አልነበራትም።

“ወንድምዓለም፣ ቀበቶህን እሰር ብዬ ለመንኩት። እኔን አይሰማኝም። አንተ ከላይ ነበርክ፤ ያየኸውን ንገረው።”

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ባለክሬኑ ቀቢውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘው። አጠገቡ ተቀመጠና የላስቲኩን ነገር አንድም ሳያስቀር ነገረው። ቀቢው ሳቀ።

“ለሳኙንስ ማን አስረሳው?”

“እሱማ ምሳውንም ይረሳል!”

“ይሁን። ግን ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር። አንተ ዋሽተህ አታውቅም። ስወድቅ ምን አየህ?”

ባለክሬኑ እጆቹን አፋተገ። ሌላ መልስ ቢያገኝ በወደደ ነበር።

“ምንም።”

“እንዴት ምንም?”

“እግርህ ሲንሸራተት አየሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሸክም አንጠልጥዬ፣ ከታች ሰው እየተመላለሰ! አንድ ባለክሬን ማድረግ የሌለበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ለእህቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው። ስገልጥ አሸዋው ላይ ነህ። የሆነውን እኔም አላውቅም።”

የቀቢው ሳቅ ከፊቱ ጠፋ።

“ላስቲክ ይሁን መልአክ አልከራከርህም” አለ ባለክሬኑ። “ግን ቀበቶ ሳታስር ስትወጣ አሁንም ወደ አንተ በኩል ማየት አቅቶኛል። ብረቱን በሰው አናት ላይ ሳዞር በዚያ በኩል ዓይኔ ይሸሻል። ትናንት ዘበኛውን ለጥቂት ሳትኩት። እወድሃለሁ፤ ፈራሁ፤ ሌላ ምን ልበልህ?”

ይህን ሲል አፈረ። በዕድሜው ለወንድ እወድሃለሁ ብሎ አያውቅም ነበር።

 ቀቢው ተነሥቶ ምስማር ላይ አቧራ ሲጠጣ የከረመውን ቀበቶ አወረደ፤ ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረና መንጠቆውን ጎትቶ ፈተሸ።

“መልአኩን ግን አልተወውም፤ እንዳትጠብቅ።”

“ማን ተወው አለህ?” አለ ባለክሬኑ። “ብቻ ሳይህ እንድውል አድርገኝ።”