የተለጠጠው ሜትር

ልብስ ሰፊዋ በሳይንስ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በዛሬው የተግባር ፈተና ከወደቀች ሦስተኛ ዕድል የለም፤ ስምንተኛ ክፍልን ሳታልፍ መቅረቷ ነው። ይባስ ብሎ የገዛ ልጇም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ወንበር ላይ አብራት ተቀምጣ ትማራለች። መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ስለምትመጣ ተማሪዎቹ «እማማ ሜትሬ» ይሏታል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች። እናት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትምህርቷን ቀጥላለች።

ፈተናው ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ነው። የራስን መለኪያ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ የክፍሉን ጠረጴዛ በትምህርት ቤቱ የጨርቅ ሜትር መለካት፣ ቁጥሩን ከነአሃዱ መጻፍ፣ በቃ። አርባ ተማሪ ተራ በተራ ለካ፤ አርባውም 117.6 ሴንቲሜትር ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ የእሷ ተራ ደረሰ። የጨርቁን ሜትር ገና ስትነካው ጠረጠረች፤ ልፍስፍስ ያለ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ስንት ዓመት የተጎተተ ነው። ለካችበት፤ 117.6።

ጠረጴዛውን ግን ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ልብስ የሰፋችለት እሷ ናት፤ ልኩ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ አይጎድል አይተርፍ። ሱቋ ውስጥ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የብረት ሜትር ተቸንክሯል። ሰኞ ሰኞ የራሷን የጨርቅ ሜትር አጠገቡ ትዘረጋለች፤ ተለጥጦ ካገኘችው እዚያው በመቀስ ትከታትፈዋለች። «ሳይሰርቁ ሌባ የሚያሰኝ» ትለዋለች።

ልጇ የእናቷን ፊት አይታ ነገሩ ገባት። «እማዬ፣ በሞቴ፣ እንደ ሰው ጻፊና እንለፍ» አለች በሹክሹክታ።

እናት ፈራች፤ ለምን ይዋሻል። ማሽን ላይ አጎንብሳ በእግሯ እየረገጠች ያጠናችው ሁሉ በአንዲት ቁጥር ሊቀር ነው። እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከዚያ 120 ሴንቲሜትር ብላ ጻፈች።

መምህሩ ወረቀቷን አይቶ ቅንድቡን ሰበሰበ። በዕድሜ ታናሿ ነው፤ ሰው አክባሪ ቢሆንም ውሃ ቀጠነ ባይ ነው።

«እትዬ፣ አርባ ሰው አንድ ነገር ብሎ እርስዎ ብቻዎን ሌላ ይላሉ?»

«አርባውም የለካው በአንድ ሜትር ነው ቲቸር። ሜትሩ ከዋሸ ሁሉም አብሮ ይዋሻል።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም። «ይህ ሜትር እኮ እኔ ከመቀጠሬ በፊትም እዚሁ ነበር።»

«እሱ ነው ጣጣው። ጨርቅ ሲጎትቱት ይረዝማል። ሜትር የትም ቢሄድ ያው ሜትር ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም?»

መምህሩ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳ። ይኼኔ ስታፍርባት የከረመችው ልጅ ተነስታ ማስመሪያዋን ሜትሩ ላይ አጋደመች። የማስመሪያው ሠላሳ፣ ሜትሩ ላይ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አራት ሆነ።

«የተሳሳተው ያንቺ ማስመሪያ ቢሆንስ?» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ግን ቀንሷል።

ከኋላ ሌላ ማስመሪያ መጣ፤ ሌላም ተከተለ። የፕላስቲክ፣ የእንጨት፣ የብረት፣ ጥጉ የተሸረፈም አለበት። ሁሉም እዚያችው ጭረት ላይ ቆሙ። ከዚያ የአንዱን ሠላሳ ከሌላው ዜሮ እያገናኙ አራት ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የአራተኛው ሠላሳ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል ወጣ። አንድ መቶ ሃያ።

መምህሩ ወረቀቷን ወደ ራሱ ሳበ። «እኔ የማወራለትን እርስዎ ይሠሩበታል» አለ። «ልጆቹም ያዩትን ነው የጻፉት፤ ማንም አይወድቅም።» ወረቀቷ ላይ ሙሉ ነጥብ ጻፈ። እማማ ሜትሬ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ደስታዋን ለመደበቅም አልሞከረች።

መምህሩ ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ መሳቢያው ሊመልሰው ሲል «ተዉ ቲቸር፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ያሳስታል» አለችና ከቦርሳዋ ትልቁን መቀስ አወጣች። መምህሩ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሜትሩን በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘላት።

«ስጪኝ እማዬ፣ እኔ ልቁረጠው» አለች ልጅቷ፣ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ። «የእማማ ሜትሬ ልጅ አይደለሁ?»

እናት መቀሱን አቀበለቻት።